ድንቹ ያለውን ጻፉ

የተከበራችሁ መምህራን፣ ወላጆች፣ ልጆቻችን፤ እንኳን ለሳይንስ ቀናችን በሰላም መጣችሁ። የተጠየቅኩት ስለ ቤተ ሙከራው እድሳት እንድናገር ነበር። አምሯል፣ የደከማችሁበት ሁሉ ተባረኩ። እኔ ግን ሆዴ ውስጥ የቆየ ነገር አለ፣ እሱን ልናገር።

አምና አስራ አንደኛ ክፍሎችን የድንች ሙከራ አሰራኋቸው። ታውቁታላችሁ፣ ኦስሞሲስ፤ ውሃ በስስ ሽፋን አልፎ ጨው ወደበዛበት የሚሄድበት። ድንቹን ቆርጠው ይመዝናሉ፣ ጨው በበዛበት ውሃ ይነክሩታል፣ ግማሽ ሰዓት ቆይተው መልሰው ይመዝናሉ። ውሃ ከድንቹ ስለሚወጣ ክብደቱ ይቀንሳል። ሪፖርቱ ሲመጣ አምስት ቡድን 2.0 ግራም የነበረው 1.7 ሆነ ብሎ ጽፏል። አምስቱም! በእጅ የተቆረጠ ድንች፣ አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን፣ እንዴት ሆኖ ነው አምስቱም አንድ የሚሆነው? አንዲት ልጅ ብቻ 2.1 ብላ መጣች። ወረቀቱን ስትሰጠኝ ቀና ብላ አላየችኝም። «ቲቸር፣ የኔ ተበላሽቷል፣ እንደነሱ ላስተካክለው?» አለችኝ።

አብረን ደገምነው። ድንቹን ከውሃው አውጥታ እንደረጠበ ሚዛኑ ላይ ልታስቀምጠው ስትል እጇን ያዝኳት። ጠብታው ጫፉ ላይ ተንጠልጥሏል። በሶፍት ጠረግ ጠረግ አድርጋ መዘነችው፤ 1.9 መጣ። ለካ ድንቹ ላይ የቀረውን ውሃ ነበር ስትመዝን የቆየችው። ሚዛናችን ደግሞ የሚያነበው እስከ 0.1 ግራም ነው። በ2 ግራም ድንች ላይ 0.1 ማለት 5 በመቶ ነው፣ ቀላል አይደለም። ይህን ሁሉ ያወቅነው «በተበላሸችው» ቁጥር ነው። ከአምስቱ ያማሩ ወረቀቶች ምንም አላገኘንም።

ልጆቹን አልወቅስም። እኛ ነን ያስለመድናቸው! ከመጽሐፉ ጋር ለገጠመ ቁጥር አስር ከአስር እየሰጠን፣ ያየውን የጻፈውን ልጅ በቀይ እስክሪብቶ እየሰረዝን። ይሄ ማስተማር አይደለም፣ ልጅን ውሸት ማለማመድ ነው! ነገ ይህ ልጅ ላብራቶሪ ገብቶ የእናታችሁን የደም ስኳር ይለካል። ያኔም ቁጥሩን «ያስተካክልላችሁ»?

የዘር ውርስን በአተር ያጠናው ሜንዴል እንኳ፣ ክቡ ለተጨማደደው 3 ለ 1 ነው እያልን የምናስተምረው አተሩ ሲቆጠር 5474 ክብ፣ 1850 የተጨማደደ ነበር። ሰውየው 3 ብሎ አልደፈነውም፣ 2.96 ብሎ ነው የጻፈው።

ሌላም አለ። የልብ ምት 15 ሰከንድ ቆጥረን በ4 ስናባዛ አንዲት የተዘለለች ምት አራት ሆና ትመጣለች። መለኪያ ሲሊንደር ውስጥ ያለ ውሃም ቁልቁል እየታየ አይነበብም፣ ጎንበስ ብሎ ዓይንን ከውሃው እኩል ማድረግ ነው።

ወላጆች፣ ሚዛኑ በሩ አጠገብ ነው፣ ድንቹም ሶፍቱም ተዘጋጅቷል። ልጆቻችሁ ዛሬ እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ቁራጭ ይመዝናሉ። ቁጥሩ ከተለያየ አትደንግጡ፣ ሦስቱንም ይጽፉታል። አመሰግናለሁ።