የዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር
የተከበራችሁ አባላትና እንግዶች፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ። የተሰበሰብንበት የአደሌይድ ከተማ ምድር የነባሩ የካውርና ሕዝብ መሆኑን በአክብሮት አስታውሳለሁ። በዓመቱ ሁለት ዐውደ ርእዮች አዘጋጅተናል፤ የአባላት መዝገብም ታድሷል፤ ዝርዝሩን ጸሐፊያችን ያነቡላችኋል።

እኔን ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ የቅዳሜው የመሶብ ስፌት ትምህርት ነው። ከሥራ አመራሩ አንዳንዶቹ «ሦስት ሰው ለሚመጣበት ትምህርት አዳራሽ መከራየት ብክነት ነው» ይላሉ፤ ካዝናችን መመናመኑም እውነት ነው። ይሁን እንጂ በዚሁ በደቡብ አውስትራሊያ የንጋሪንጀሪ የተባለው አቦሪጂናል (የአገሩ ነባር) ሕዝብ የሣር ስፌት ሊጠፋ ከተቃረበ በኋላ ያንሰራራው እ.ኤ.አ. በ1982 ወይዘሮ ዶሮቲ ካርቲንየሪ በሰጡት አጭር ሥልጠና ነው። ከሠልጣኞቹ አንዷ ይቮን ኩልማትሪ ያኔ አርባ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸው ነበር። በሙሬይ ወንዝና በኩሮንግ ሐይቅ ዳርቻ የሚበቅለውን፣ ከቄጠማችን ጋር ዘመድ የሆነውን ሣር እያደረቁ፣ እኛ ስንደዶን በአክርማ እንደምንሰፋው ዙር በዙር እየሰፉ የቀድሞ ሰዎች ዓሣ ያጠምዱበት የነበረውን ወጥመድ መልሰው ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1997 ሥራቸው ከሌሎች ሁለት አቦሪጂናል ሴቶች ሥራ ጋር በጣሊያን በሚካሄደው ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ፣ በቬኒስ ቢየናሌ፣ አውስትራሊያን ወከለ፤ በ2016 ደግሞ ለነባር ሕዝቦች አርቲስቶች የሚሰጠውን የሬድ ኦከር ሽልማት ተቀበሉ። አብረዋቸው የሠለጠኑት ኤለን ትሬቮሮውም ከባለቤታቸው ጋር በሜኒንጊ ከተማ አቅራቢያ ካምፕ ኩሮንግ የተባለውን የባህል ማእከል መሥርተው፣ ለመጣው ሁሉ ስፌቱን ከአገሩ ታሪክ ጋር እያስተማሩ ኖረዋል።

የእኛ አባላት ግን «ስንደዶ እዚህ አይገኝም» ይሉኛል። እነዚያ ሴቶች ሣሩ ከወንዙ ዳር እየተመናመነባቸው እንኳ ርቀው እየሄዱ ፈልገዋል፤ እኛ ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣልንን አክርማ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፈንበታል። ዛሬ ወንበራቸው ባዶ የሆነ አባላት ልጃቸውን ሊድሩ ሲሉ «መሶብ አሰፉልን» ብለው በሌሊት ይደውሉልኛል፤ ማን እንዲሰፋላቸው እንደሚጠብቁ ግን አንድም ቀን አልነገሩኝም። ሌላውን ብቻ እንዳልወቅስ፣ እኔም የእናቴን ወስፌ ለልጄ አላስያዝኩም።

ስለዚህ ትምህርቱ ለስድስት ወር እንዲቀጥል ለዛሬው ድምፅ ሐሳብ አቅርቤአለሁ፤ የመጀመሪያውን ወር ኪራይ ከኪሴ እከፍላለሁ። መመዝገቢያው በሩ አጠገብ ነው። የመጀመሪያውን መስመር ለልጄ ይዤላታለሁ፤ እሷም ዛሬ ካልመጡት አንዷ ናት።