የትኛው አምፖል ይበልጥ ያበራል?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ፊዚክስ አስተማሪ ነኝና በየቀኑ ስለሚያሳስበኝ ነገር ላውራችሁ፤ ክፍል ውስጥ ስለምናስገባው ቴክኖሎጂና ጌም።

በእኛ አቆጣጠር ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሁለተኛ ደረጃ የተማራችሁ ፕላዝማን፣ ክፍል ውስጥ ያስተምረን የነበረውን ቴሌቪዥን፣ ታስታውሳላችሁ። ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ፣ ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል። ጥያቄ ይጠየቃል፣ ትንሽ ጊዜ ይሰጣል፣ ከዚያ መልሱ ተነግሮ ይቀጥላል። ለተማሪው ገባውም አልገባውም ይቀጥላል። ክፍሉ ውስጥ ያለው መምህር "ቆይ አንዴ" ቢል የሚሰማው የለም። ምስሎቹ ግን ግሩም ነበሩ፤ በጠመኔ የማይሳሉ።

አሁን የምጠቀመው ፌት (PhET) የሚባለውን ነው። የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚው ካርል ዋይማን በፈረንጆቹ 2002 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ሲሙሌሽን ነው፤ ማለትም ሙከራን ኮምፒውተር ላይ አስመስሎ የሚያሳይ ፕሮግራም። ነፃ ነው፤ አንዴ ካወረዳችሁት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ያለኝ አንድ ላፕቶፕና አንድ ፕሮጀክተር ነው። ለየተማሪው ታብሌት እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም።

ሲሙሌሽኑ ላይ አንድ ባትሪና ሁለት ተመሳሳይ አምፖል በአንድ መስመር፣ አንዱን ከአንዱ አስከትዬ አያይዛለሁ። ማብሪያውን ግን አልነካም። "የትኛው ይበልጥ ያበራል?" እላለሁ። ብዙዎቹ አንደኛው ይላሉ። የመጀመሪያው አምፖል ከረንቱን በልቶ ለሁለተኛው ትርፍራፊ የሚያቀብል ይመስላቸዋል። መልሳቸውን ደብተር ላይ ይጽፋሉ፣ ከጎናቸው ካለው ጋር ይከራከራሉ። ክርክሩ ሲጦፍ ማብሪያውን እጫናለሁ።

ሁለቱም እኩል ይበራሉ። ኤሌክትሮኖቹ ትንንሽ ሰማያዊ ኳሶች ሆነው በሽቦው ውስጥ ባንዴ ይንቀሳቀሳሉ፤ አምፖሉን ሲያልፉ አንድም አይጎድልም። "እንዴ!" ይላል ክፍሉ። አንዴ ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ "ቲቸር፣ ታዲያ ባትሪው የሚያልቀው ምኑ አልቆ ነው?" አለችኝ። የኢነርጂን ትምህርት የጀመርነው ከዚያው ጥያቄ ነው። ልጅቷ መጀመሪያ የራሷን ግምት ባትጽፍ ኖሮ፣ ኳሶቹን አይታ ዝም ብላ ታልፍ ነበር ብዬ አምናለሁ።

እንደ ካሁት ያሉት የጥያቄና መልስ ጌሞችስ? ለክለሳ እወዳቸዋለሁ፤ ክፍሉ ይነቃል። ግን ቶሎ ለመለሰ ብዙ ነጥብ ነው የሚሰጡት። ረጋ ብሎ የሚያስብ ልጅ እዚያ ላይ ይጎዳል። ስለዚህ አዲስ ትምህርት ስጀምር አላመጣቸውም።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ የባትሪ ድንጋይ፣ ሽቦና ሁለት ትንንሽ አምፖል ይበቃል። ኤሌክትሮኑ አይታይም እንጂ ክርክሩ ያው ነው።

ሒሳብ፣ ኬሚስትሪ ወይም ባዮሎጂ የምታስተምሩ ካላችሁ፣ ተማሪዎቻችሁ ሁሌ የሚሳሳቱባትን አንዷን ጥያቄ ላኩልኝ። በሚቀጥለው ዝግጅት ለእሷ የሚሆን ሲሙሌሽን አብረን እንፈልጋለን። ደህና ሁኑልኝ።