ዳዳ፦ ስሙን ማን አወጣው?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ የማወራችሁ ዳዳ ስለሚባለው የጥበብ እንቅስቃሴ ስም ነው። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጊዜው 1916፣ የአንደኛው የዓለም ጦርነት መሀል ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ቨርደን በሚባለው የጦር ሜዳ ላይ ወጣቱ እንደ ቅጠል ይረግፋል። ስዊዘርላንድ ግን ገለልተኛ ስለሆነች ከጦርነቱ የሸሸው ሁሉ ዙሪክ ይገባል። ጀርመናዊው ሁጎ ባልና ወዳጁ ኤሚ ሄኒንግስ በፌብሩዋሪ 5 እዚያ ካባሬ ቮልቴር የሚባል የምሽት የጥበብ መድረክ ከፈቱ። ከሮማኒያ ትሪስታን ጻራና ማርሴል ያንኮ፣ ከአልዛስ ሃንስ አርፕ፣ ከበርሊን ደግሞ ሪቻርድ ሁልሰንቤክ መጡ፤ ዳዳን የጀመሩት እነዚህ ጥበበኞች ናቸው።

ስሙን ማን አገኘው? ሁልሰንቤክ «እኔና ሁጎ ባል የጀርመንኛና የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት ስናገላብጥ አገኘነው» ይላል። አርፕ በ1921 «ጻራ ነው ያገኘው፤ እኔም ከ12 ልጆቼ ጋር አይቻለሁ» ብሎ ጻፈ። አርፕ ልጅ አልነበረውም፤ በክርክሩ በራሱ እየቀለደ ነው።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው የሁጎ ባል የዕለት ማስታወሻ ነው። ኤፕሪል 18 ላይ ቃሉን ያብራራል፦ በሮማኒያኛ «አዎ፣ አዎ»፤ በፈረንሳይኛ የልጆች የእንጨት ፈረስ። ልብ በሉ፣ አገሮቹ እየተፋጁ ባሉበት ሰዓት የአንዱም ብቻ ያልሆነ ስም ነው የመረጡት።

ጻራ በ1918 «ዳዳ ምንም ማለት አይደለም» ብሎ አወጀ። ይቺን ብቻ ይዞ «ዳዳ ቧልት ነው» የሚል ብዙ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ጁን 23 ቀን 1916 የሆነውን እዩ። ባል እግሩን በሚያብረቀርቅ ሰማያዊ ካርቶን ጠቅልሎ፣ ረጅም ቆብ ደፍቶ መራመድ ስላቃተው በጨለማ ተሸክመው መድረክ ላይ አቆሙት። ከዚያ «ጋድጂ ቤሪ ቢምባ» እያለ በየትኛውም ቋንቋ የሌለ ግጥም ያነብብ ጀመር። መሀል ላይ ድምፁ ሳያስበው የካህናትን የቅዳሴ ዜማ ያዘ። ይህን ራሱ ነው የጻፈው። ጋዜጠኝነት ያበላሸውን ቋንቋ ጨርሶ መተው እንደሚፈልግም ጽፏል። በ1914 ቤልጂየም ሄዶ ጦርነቱን በዓይኑ ያየ ሰው ነው። ያን ሁሉ ደም ያስወደሱት ቃላት እኮ ትርጉም ያላቸው፣ ሰዋስዋቸው የተስተካከለ ቃላት ነበሩ! ታዲያ ትርጉም አልባ ስም መምረጥ ቧልት ነው ትላላችሁ?

ባል በ1917 ከዳዳ ተለየ፤ ኋላም ወደ ካቶሊክ እምነቱ ተመለሰ። የእሱን መመለስ በሚቀጥለው ክፍል ለብቻው አነሳዋለሁ። እስከዚያው ሰላም ሁኑ።