ፀሐይ ከሚገባው በላይ የሳበቻቸው የመሰሉ መንኮራኩሮች

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን አመሻችሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳውቅና ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ፓዮኒር 10 በ1972፣ ፓዮኒር 11 በ1973 ወደ ጠፈር የተላኩ መንኮራኩሮች ናቸው። ጁፒተርን ለመጀመሪያ ጊዜ በቅርብ ያዩት እነርሱ ሲሆኑ፣ ሁለተኛይቱ በ1979 ሳተርን ዘንድ ደርሳለች። ከዚያ በኋላ የሚገፋቸው ሞተር አልነበረም፤ እንደ እንዝርት በራሳቸው ዙሪያ እየሾሩ አቅጣጫቸውን ስለሚጠብቁም አቋማቸውን ለማስተካከል ጋዝ መርጨት እምብዛም አያስፈልጋቸውም ነበር። ስለዚህ የሚቀንሰው ፍጥነታቸው ከፀሐይና ከፕላኔቶች ስበት ጋር በትክክል ይገጥማል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። ይህን የሚመሰክረው የሬድዮ ሞገድ ነው፤ ከምድር ተልኮ መንኮራኩሯ ዘንድ ደርሶ የሚመለሰው ሞገድ ድግግሞሹ በዶፕለር ክስተት ስለሚለወጥ፣ ከለውጡ መጠን ፍጥነቷን እጅግ በረቀቀ ሁኔታ ማወቅ ይቻላል።

የናሳ ተመራማሪው ጆን አንደርሰንና ባልደረቦቹ ይህንን ሲከታተሉ ስሌቱና ልኬቱ አልገጥም አላቸው። ሁለቱም መንኮራኩሮች ወደ ፀሐይ አቅጣጫ የሚጎትታቸው ተጨማሪ ነገር ያለ ይመስል ነበር። መጠኑ ምድር ላይ ከሚስበን ስበት ከ10 ቢሊዮን ጊዜ በላይ ያነሰ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ፍጥነትን በሰከንድ 3 ሳንቲሜትር እንኳ የማይቀንስ ነው። ነገር ግን ዓመት ከዓመት ሳያቋርጥ ይታይ ነበርና በ1998 ለሳይንሱ ዓለም ይፋ ሆነ።

ብዙዎች ልባቸው ወዲያው ወደ ስበት ሕግ መሄዱ አያስገርምም። የሜርኩሪ ምህዋር በአንድ ምዕተ ዓመት 43 የቅስት ሰከንድ (አንዱ የአንድ ዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ነው) ያህል ከኒውተን ስሌት ማለፉ ለረጅም ጊዜ ምክንያት ሳይገኝለት ቆይቶ፣ በ1915 አንስታይን በአዲሱ የስበት ንድፈ ሐሳቡ ፈትቶታል። በዚያ ላይ የፓዮኒሮቹ ተጨማሪ መጎተት የብርሃን ፍጥነት ዩኒቨርስ በሚሰፋበት መጠን ሲባዛ ከሚገኘው ቁጥር ጋር ተቀራራቢ ነበር። እንዲህ ያለ መገጣጠም እጅግ ያማልላል። እኔም በወጣትነቴ ተማልዬ እንደነበር አልደብቅም።

ይሁን እንጂ ፕላኔቶቹ የሚሉትን መስማት ነበረብን። ስበት የሚስበው ነገር ብረት ይሁን በረዶ አይለይም። ፓዮኒሮቹን የጎተተው የተለወጠ ስበት ቢሆን ኖሮ፣ መንኮራኩሮቹ ባለፉበት ርቀት ላይ ፀሐይን የሚዞሩት ዩራነስና ኔፕቱንም በዚያው ልክ ተጎትተው ምህዋራቸው ከሚታየው የተለየ በሆነ ነበር፤ አልሆነም። ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው ማስረጃ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ጥፋተኛው ጠፈር ሳይሆን መንኮራኩሯ ራሷ መሆኗን ይጠቁማል።

እያንዳንዷ መንኮራኩር የኤሌክትሪክ ኃይሏን የምታገኘው ከፕሉቶኒየም ሙቀት ሲሆን፣ ሲነሡ ይህ ሙቀት 2,500 ዋት ገደማ ነበር። ሙቀት የሚወጣው በጨረር ነው፤ ጨረርም ትንሽ ቢሆንም የወጣበትን አካል ከሚሄድበት በተቃራኒ ይገፋል። በሁሉም አቅጣጫ እኩል ቢወጣ ግፊቱ እርስ በርስ ይጣፋ ነበር። ትልቁ አንቴና ግን ፊቱን ወደ ምድር፣ ማለትም ከዚያ ርቀት ሲታይ ወደ ፀሐይ አቅጣጫ ያዞረ ሲሆን፣ መሣሪያዎቹ ከጀርባው ናቸው። ስለዚህ ከፀሐይ በተቃራኒ የሚወጣው ሙቀት በለጠ፤ ከአንቴናው ጀርባ የሚነጥረውም ተጨመረበት። የተለካውን መጎተት ለማስገኘት የሚያስፈልገው ብልጫ 65 ዋት ያህል፣ ማለትም ከጠቅላላው ሙቀት ጥቂት በመቶ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ላይ ይህ መልስ ያልተወደደበት በቂ ምክንያት ነበር። ፕሉቶኒየም በ88 ዓመት ገደማ ግማሹ ይፈርሳል፤ የኤሌክትሪኩ ኃይል ደግሞ ከዚያም በፈጠነ ሁኔታ ይመነምናል፤ የተለካው መጎተት ግን ቋሚ ይመስል ነበር። ክርክሩን የለወጠው የድሮ መዝገብ ነው። ስላቫ ቱሪሼቭና ባልደረቦቹ የቀደሙትን ዓመታት የዶፕለር ልኬቶችና መንኮራኩሮቹ ስለ ራሳቸው ሙቀት የላኳቸውን መረጃዎች አሰባስበው ሲመረምሩ፣ መጎተቱ ከጊዜ ጋር እየቀነሰ መሄዱን በ2011 አሳዩ። በ2012 ደግሞ የሙቀቱን ግፊት በዝርዝር አስልተው ሲቀንሱት፣ አዲስ ስበት የሚያስፈልገው ትርፍ አልቀረም። ፓዮኒር 10 የመጨረሻ ደካማ ምልክቷን ከላከች በዚያን ጊዜ 9 ዓመት አልፏት ነበር።

ተመሳሳይ የሆነና ገና ያልተዘጋ አንድ ጉዳይ አለ። ጋሊሊዮ የተባለችው መንኮራኩር በ1990 በምድር አጠገብ ስታልፍ በሰከንድ 4 ሚሊሜትር ገደማ፣ ኒር የተባለችው ደግሞ በ1998 ከ13 ሚሊሜትር በላይ ያልተጠበቀ ፍጥነት ተጨመረላቸው። አንደርሰንና ባልደረቦቹ ጭማሪውን ከምድር መሽከርከር ጋር የሚያያይዝ ቀመር በ2008 አቀረቡ። ሮዜታ በ2009፣ ጁኖም በ2013 በምድር አጠገብ ሲያልፉ ግን እንዲህ ያለ ጭማሪ አልታየም። ስለዚህ በዚህኛውም ጉዳይ ቀዳሚ ጥርጣሬዬ በመንኮራኩሮቹና በስሌቱ ላይ እንጂ በስበት ላይ አይደለም፤ ሆኖም ያንን የ13 ሚሊሜትር ጭማሪ እስካሁን በአሳማኝ ሁኔታ ያስረዳ ሰው አላገኘሁም።

አመሰግናለሁ።