አንድ ጠረጴዛና አንድ መደብ አፈር

(በትምህርት ቤት የዓመቱ መዝጊያ ዝግጅት ላይ ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለተማሪዎች የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ትምህርት ተዘጋ። ከሰኞ ጀምሮ ልጆቻችን ቤት ሊውሉ ነው። ክረምቱም ገብቷል። በሐምሌና በነሐሴ ከቀትር በኋላ ሰማዩ ጠቆር ሲል ልጅ ከደጅ ይገባል፤ ከገባም ስልክ ያነሳል። ይህን ሁላችንም በየቤታችን እናየዋለን። እዚህ የቆምኩት ስልክን ልኮንን አይደለም። ልጆቹ ስልኩን ሲያስቀምጡ እጃቸው የሚይዘው ነገር ቤት ውስጥ እንዲኖር ልለምናችሁ ነው። የምለምናችሁም አንድ ጠረጴዛና አንድ መደብ አፈር ነው።

በሙያዬ የሕንፃ ንድፍ ሠራተኛ ነኝ። ቀን የምነድፈው ገና ያልተሠራውን ነው። ማታ ቤቴ የምሠራው ደግሞ የቆመውን፣ አንዳንዴም የፈረሰውን ቤት ነው፤ በካርቶንና በእንጨት፣ ልኩን ጠብቄ አሳንሼ። እራት በልተን ትሪው ሲነሳ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ይነጠፋል፣ ኮላውና ከተሩ ይወጣል። ትልቋ ልጄ መስኮት ትቆርጣለች። ታናሽ ወንድሟ በብርጭቆ ወረቀት ጠርዝ ጠርዙን ያለሰልሳል። እናቴ ከጎናችን ተቀምጣ ታያለች፤ ታያለች ብቻም አይደለም፣ ታርመናለች።

እናቴ ያደገችው ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ነው። ቤቱ ዛሬ የለም። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በአካባቢው በርካታ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል፤ የእሷ ቤት ግን ከዚያም ቀደም ብሎ ነው የሄደው። መፍረስ ነበረባቸው ወይስ አልነበረባቸውም የሚለውን ለሌላ መድረክ ልተወው። እኔን የሚያንገበግበኝ ብዙዎቹ ልካቸው ሳይወሰድ መሄዳቸው ነው። ፎቶ ይኖር ይሆናል። ግን በሩ ስንት ሜትር ነበር፣ በረንዳው ምን ያህል ወጣ ይል ነበር፣ ደረጃው ስንት ነበር ብትሉ የሚመልስላችሁ የለም።

የእናቴን ቤት መልሰን የሠራነው ከአንድ የሰርግ ፎቶ ነው። ፎቶው ላይ አያቴ በሩ ሥር ቆመዋል። ቁመታቸውን እናቴ ታውቀዋለች፤ አንድ ሜትር ከሰባ የሚሆኑ ሰው ነበሩ። ልጆቹ ፎቶው ላይ አያቴን በማስመሪያ ለኩ። ከእሳቸው ቁመት የበሩን አወጡ፣ ከበሩ የመስኮቱን፣ ከመስኮቱ የግድግዳውን። ይህ የሚሠራው ግን ከካሜራው እኩል ርቀት ላይ ላለ ነገር ብቻ ነው። ከኋላ ያለ ያንሳል፣ ከፊት ያለ ይተልቃል። ታናሹ ልጄ ይህን ያወቀው ከፊት የቆሙት ሚዜዎች ከበሩ በልጠው ሲያስቸግሩት ነው። ማካፈልና ማባዛት ክፍል ውስጥ የሚሰለቸው ልጅ ያን ምሽት ሒሳቡን ለራሱ ፈልጎ ሠራው። እናቴ ደግሞ፣ «ደረጃው በግራ በኩል ነበር፤ ሦስተኛው ላይ ሁልጊዜ ውኃ ይቋጥር ነበር» አለች። ያንን ፎቶው አያሳይም። እኔም ልጇ ሆኜ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም ነበር።

እንግዲህ እንዴት ይጀመራል ለምትሉ፣ ለቤት የሚመቸው ልክ አንድ ለሃምሳ ነው። አንዱ ሜትር ሁለት ሴንቲ ሜትር ይሆናል። 2 ሜትር በር 4 ሴንቲ፣ 10 ሜትር ግድግዳ 20 ሴንቲ ሆኖ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ለግድግዳው የጫማ ካርቶን ይበቃል፤ ጠንከር ያለ ለሚፈልግ ቀጭን ኮምፖልሳቶ አለ። ለበረንዳው ምሰሶ ስቴኪኒ፣ ለማገሩ የጤፍ ጭድ። ጣሪያው ላይ ልጆች ይጠበባሉ፤ የለመድነው ቆርቆሮ ከአንዱ ሞገድ እስከ ቀጣዩ ከ7 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ነው። በሃምሳ ሲካፈል አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል። ወጥ ቤት ያለውን ፎይል ጥርሱ ደቃቅ በሆነ ማበጠሪያ ላይ አድርጋችሁ በጣት ብትጫኑት ቆርቆሮ ሆኖ ይወጣል። ዝገቱን የቡና አተላ ይሰጣችኋል። የሚገዛው ከተርና ኮላ ብቻ ነው። ከተሩን ግን ለትንንሾቹ አደራ ትልቅ ሰው ይያዝላቸው።

ባቡር የሚወድ ልጅ ላላችሁ ሌላ በር አለ። የባቡር ሞዴል ሠሪዎች ዓለም ላይ በብዛት የሚሠሩበት ልክ አንድ ለሰማንያ ሰባት ነው። የድሮው የጅቡቲ መስመራችን እ.ኤ.አ. በ1897 ጅቡቲ ላይ ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የገባው ነው፤ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ነበር። በዚህ ልክ 11 ሚሊ ሜትር ተኩል ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ መስመር 1.435 ሜትር ስለሆነ 16 ሚሊ ተኩል ይመጣል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስምሩላቸውና አዲሱ ባቡር በአሮጌው ሐዲድ ለምን እንደማይሄድ ልጁ በዓይኑ ያየዋል። የድሮው መስመር በጠቅላላ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። በዚሁ ልክ ሙሉውን ልሥራ ያለ ሰው 9 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ያስፈልገዋል! ስለዚህ አንድ ጣቢያ ይበቃል። ለገሃር ሄዳችሁ እ.ኤ.አ. በ1929 የተመረቀውን የጣቢያውን ሕንፃ ፊት ለፊት ቆማችሁ እዩት። መስኮቶቹን ቁጠሩ፤ ደብተር ላይ ንደፉ።

የእንጨት ሥራ ለማየት ደግሞ መስቀል አደባባይ አጠገብ፣ በቀድሞው የራስ ብሩ መኖሪያ ቤት ወዳለው የአዲስ አበባ ሙዚየም ልጆቹን ውሰዱ። የእቴጌ ጣይቱ ሆቴልንም አሳዩአቸው። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ያ ሆቴል እሳት ሲይዘው ብዙዎቻችን ደንግጠናል፤ ከፊሉ ወድሟል። እነዚህ ቤቶች እንጨት የበዛባቸው ናቸው። እሳትም ምስጥም ዝናብም አለባቸው። አንድ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ የወሰደው ልክ አንድ ቀን ለጠጋኝ አናጢ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ፤ ባይጠቅም እንኳ ያ ልጅ ከእንግዲህ በዚያ መንገድ ሲያልፍ ቤቱን ሳያይ አያልፍም።

አሁን ወደ መደቡ ልምጣ። እኛ ቤት ሁለቱ አይለያዩም። ኮላ እስኪደርቅ መጠበቅ አለ፤ ያን ጊዜ ልጆቹ ወደ ጓሮ ይወጣሉ። ጓሯችን ሰፊ አይደለም። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ጤና አዳም፣ በአጥሩ ጥግ ዳማከሴ አለ። ዳማከሴዋ የእናቴ ናት፤ ሰፈር ውስጥ ምች የመታው ሰው ሁሉ በሯን ያንኳኳል። እንስላሉ ማንም ሳይተክለው የበቀለ ነው። አበባው ሲደርቅ ከነዘንጉ ቆርጠን እናስቀምጠዋለን፤ ለሞዴሉ ግራር የሚሆን ከእሱ የተሻለ አላገኘንም።

ክረምት ላይ ለሚጀምር ሰው ዋናው ጠላት የውኃ ማነስ ሳይሆን የውኃ መብዛት ነው። በተለይ በቦሌና በአቃቂ በኩል ያላችሁ፣ መረሬ አፈር ውኃ ይዞ አይለቅም፣ ሥሩም ይበሰብሳል። መደቡን ሃያ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉና ዙሪያውን ቦይ አውጡለት። የቡና አተላና የአትክልት ልጣጭ አንድ ጥግ ላይ አከማቹ፣ ገለባ ደርቡበት፤ ሲበሰብስ ከአፈሩ ጋር ይቀላቀላል። የጎመን ችግኝ አራት አምስት ቅጠል ሲያወጣ ነው የሚዛወረው። ለበረዶው አሮጌ አጎበር በቀርከሃ ቀስት ላይ ወጥሩበት፤ ቢራቢሮዋንም እንቁላል እንዳትጥልበት ይከለክላታል። ኮንዶሚኒየም ላላችሁ፣ ከሥሩ የተበሳ ግማሽ ጀሪካን በቂ ነው። ፀሐይ በሚያገኘው በረንዳ ላይ ሰላጣ፣ በሶብላና የጥብስ ቅጠል ደስ ብሏቸው ይኖራሉ።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ። ጎመኑን ሁሉ አትብሉት። ከሁሉ ያማረውን አንድ ሁለቱን ተዉትና ቢጫ አበባውን ያውጣ። ፍሬው ደርቆ ሳይረግፍ ልጁ ይልቀመው፣ በወረቀት ጠቅልሎ ቀኑንና ዓመቱን ይጻፍበት። የሐበሻ ጎመን ዘር ለሚቀጥለው ዓመት ይሆናል፤ የተረፈው ተወቅጦ ምጣድ ማሰሻ ይሆናል። እኛ ቤት ያለው ዘር ከእናቴ እናት ጀምሮ ሲወርድ የመጣ ነው። ቤታቸው ፈረሰ፣ ጎመናቸው ግን ዛሬም ድስታችን ውስጥ አለ። የቤታቸው ልክ የጠፋብን እሱን ከዓመት ዓመት የሚያቆይ ሰው ስላልነበረ ነው። ይህን ሳስብ ነው ጠረጴዛውና መደቡ ለእኔ አንድ ሥራ የሚሆኑብኝ።

ወላጆች፣ ጊዜ የለንም እንደምትሉ አውቃለሁ፤ እኔም ሰዓቱ የሚያጥረኝ ሠራተኛ ነኝ። ልጁ አጠገብ ሆናችሁ ሁሉን እንድትሠሩለት አይደለም የምለምነው። ቦታውን ስጡት፣ ሲበላሽበት አትቆጡ፣ የጀመረውን ጠረጴዛ ለእንግዳ ብላችሁ አታንሱበት። አያት ያላችሁ ደግሞ አያቱን አጠገቡ አስቀምጡለት።

ተማሪዎች፣ የመጀመሪያው ሥራችሁ አሁን የምትኖሩበት ቤት ነው። ኪራይ ይሁን የቀበሌ ቤት፣ ጭቃ ይሁን ብሎኬት፣ ሜትር ይዛችሁ በሩን፣ መስኮቱን፣ ግድግዳውን ለኩ። ስለ ቤቱ የነገራችሁ ሰው ካለ ስሙንና ቀኑን ከሥሩ ጻፉ። መምህራኑ በመስከረም ትምህርት ሲከፈት ይህን አዳራሽ ለአንድ ቅዳሜ ሊሰጡን ፈቅደዋል። የሠራችሁትን አምጡ፤ ያላለቀም ቢሆን አምጡት፣ አብረን እናየዋለን።

እናቴ ዛሬ አብራኝ መጥታለች። ከበሩ በስተቀኝ ባለው ጠረጴዛ ላይ የጎመን ዘር በትንንሽ ወረቀት ቋጥራ ይዛለች። ስትወጡ ለየቤታችሁ አንድ አንድ ውሰዱ። ስለ መደቡ ጥያቄ ያለው እሷን ይጠይቅ፤ ስለ ካርቶኑ እኔ አለሁ።

አመሰግናለሁ።