እግሬን ሳብኩት መሰለኝ

እሺ። እየቀዳ ነው? ቀዩ መብራት በርቷል። ጀበናዋ ወጥ ቤት ናት፣ በሩንም ዘግቼባታለሁ፤ "ምንድነው የሚንተከተከው" ብላችሁ እንዳትጽፉልኝ። ጉልበቴም ደህና ነው። ደህና… ደህና ነው እንበል።

ዛሬ ስለ ቤት ኪራዩ ነበር ላወራ ቃል የገባሁት። አውቃለሁ። ግን የእሁዷ ነገር አልወጣልኝ አለች። አራት ቀኔ ነው። ሳህን ሳጥብ እሷ፣ ባቡር ውስጥ እሷ።

እሁድ ከድሮ ቡድኔ ልጆች ጋር ገጠምን። ከነሱ ለምን እንደወጣሁ ታውቃላችሁ፣ ያቺን ወሬ መልሼ አልከፍታትም። 1 ለ 1 ነን። ኳሷ መሃል ሜዳ ላይ ነጠረች። እኔ ከዚህ፣ የነሱ ኮማንደር ከዚያ። አዎ፣ ያው ኮማንደር የምንለው ልጅ። ርቀታችን እኩል ነው፣ እንደውም እኔ ሳልቀርብ አልቀርም። ስንት ጊዜ ነግሬያችኋለሁ፣ እኔ ኳስ አልችልም፣ የሚታወቅልኝ ነገር ቢኖር ለኳስ ስጋጠም እግር አለመሳብ ነው። ጉልበቴም የሄደው በዚያው ነው። እና ሮጥኩ፣ ደረስኩ… ደርሼ ነበር እኮ! የጫማውን ማሰሪያ አየሁት፣ ተፈቷል። "ማሰሪያህ!" ልለው ሁሉ ነበር። ከዚያ ኳሷ እሱ ጋ ናት። አቀበለ፣ ገባ፣ 2 ለ 1። ማንም ምንም አላለኝም። በረኛችን ብቻ ዝም ብሎ አየኝ። ቢሰድበኝ በተሻለኝ።

እግሬን ሳብኩ እንዴ? አላውቅም። አንሸራቶኝም ይሆናል፣ ሳሩ እርጥብ ነበር።

ቤት ገብቼ ማንን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ? ሚክ ሃርፎርድን። ጀመረ ደግሞ አትበሉ፣ ዛሬ አጭር ነው። ለአዲሶቹ፦ እንግሊዛዊ አጥቂ ነበር፣ የሰንደርላንድ ከተማ ልጅ፣ 1959 የተወለደ፣ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው፣ ተከላካዮች ከሱ ጋር ለቴስታ መዝለል የሚጠሉት ዓይነት ሰው። አሁን ያሉት አጥቂዎች ሲነኩ ይተኛሉ፤ እሱ ነበር የሚያስተኛው። ክለቦቹን ቆጥሬያለሁ፣ አስር ናቸው። ሊንከን፣ ኒውካስል፣ ብሪስቶል ሲቲ፣ በርሚንግሃም፣ ሉተን፣ ደርቢ፣ ቼልሲ፣ ሰንደርላንድ፣ ኮቨንትሪ፣ ዊምብልደን። ብሪስቶል ሲቲ እንደውም የገዛበትን ከፍሎ መጨረስ አቅቶት ወደ ኒውካስል መለሰው። በዱቤ እንደተወሰደ ሶፋ! ኮቨንትሪ ደግሞ አንድ ጨዋታ ብቻ ነው የተጫወተው፣ ተቀይሮ ገብቶ፣ በዚያችም አንድ ጨዋታ ኒውካስል ላይ አገባ። ለእንግሊዝ ሁለት ጊዜ ተሰልፏል፣ ሁለቱም 1988 ላይ። በዚያው ዓመት ነው ሉተን በሊግ ካፕ ፍጻሜ አርሰናልን 3 ለ 2… እሱን እንለፈው። እናንተም ታውቃላችሁ፣ እኔም አውቃለሁ፣ የአርሰናሉ ዊንተርበርን ያችን ፍጹም ቅጣት ምት ቢያስቆጥራት ኖሮ፣ ተዉት። ለቼልሲዎች ግን አንድ ነገር፦ በፕሪምየር ሊግ የመጀመሪያዋን የቼልሲ ጎል ያገባው ማነው? ነሐሴ 1992 ኦልድሃም ላይ። ሃርፎርድ! ድሮግባ ድሮግባ ስትሉ ትውላላችሁ።

ምን እያልኩ ነበር። አዎ፣ ግንቦት 1991። የመጨረሻው ቀን። ሃርፎርድ ያኔ ደርቢ ነው፣ ደርቢ ደግሞ ከሊጉ ወርዶ አልቆለታል። የሚጫወቱት ከማን ጋር? ከሉተን። አምስት ዓመት የኖረበት፣ ዋንጫ ያነሳበት ክለብ። ኬኒልዎርዝ ሮድ፣ ያ የእንግዳ ደጋፊ መግቢያው በሰው ቤቶች መሃል የሚያልፈው ስታዲየም፣ ያኔ ደግሞ ፕላስቲክ ሜዳ። ሉተን ካላሸነፈ የመውረድ ስጋት አለበት። አብሮት በ34 ነጥብ ቁልቁል የሚያየው ማነው? ሰንደርላንድ። የሰውየው የትውልድ ከተማ!

እና ሃርፎርድ አገባ። በራሱ ጎል ላይ። ለሉተን።

2 ለ 0 አለቀ። ሉተን ተረፈ፣ ሰንደርላንድ ወረደ። በእርግጥ ሰንደርላንድ ራሱ በማንችስተር ሲቲ 3 ለ 2 ተሸንፏል፣ ስለዚህ በሱ ማላከክ ልክ አይደለም። ግን ከወራት በኋላ ሉተን መልሶ ገዛው! በሰዓቱ ሉተን ውስጥ ብሆን እኔም ውለታ ነው እል ነበር። አይደለም ግን። እንደዚያ ዓይነት ሰው አስቦበት… እንዴት ብሎ? አስር ክለብ የዞረ ሰው እኮ የዛሬ ማልያውን ነው የሚያውቀው፣ እንጀራው ነው። ወይስ ጭንቅላቱ ሳያውቅ ሰውነቱ ያውቃል? ያ ግንባር አምስት ዓመት ሙሉ እዚያ ሜዳ ላይ ኳስ ሲገጭ ኖሮ… አይ፣ ይሄ ትንሽ ቅኔ መሰለብኝ። ድንገት ገብታ ይሆናል በቃ።

ሰንደርላንድ ሄዶም ተጫውቷል እኮ፣ 1993። መልበሻ ቤቱ ውስጥ ያቺን ቀን ያነሳበት ሰው ነበር ይሆን? ወይስ እንደኛ በረኛ ዝም ብለው አዩት?

በኋላ በ2021 መጀመሪያ የፕሮስቴት ካንሰር እንዳለበት በአደባባይ ተናገረ። ከዚያ ወንዶች ተመርመሩ እያለ ይዞራል። ያ ሰው። ያ ማንም የማይጠጋው ሰው ቆሞ ስለዚያ ሲያወራ… እኔ ቀጠሮዬን ሁለት ጊዜ አራዝሜያለሁ። አለቃ ይሄን እንዳትሰሚ። ሆሆ፣ ትሰማለች እኮ፣ ኤዲት የምታደርገው እሷ ናት።

ኮማንደር ማታ ድምፅ ልኮልኛል። 47 ሴኮንድ። አልከፈትኩትም። አመሰግናለሁ ብሎኝ ቢሆንስ? እሱ ነው የሚያስፈራኝ። ቢሰድበኝ፣ ወይ ቢስቅብኝ ችግር የለም፣ ግን አመሰግናለሁ ካለኝ… ያኔ አየኝ ማለት ነው።

ሳሩ ግን እውነቴን ነው እርጥብ ነበር። ጠዋት ዘንቦ ነበር፣ የፈለጋችሁትን ጠይቁ።

ጀበናዋ ገነፈለች መሰለኝ፣ ሸተተኝ። አንዴ ቆዩ…