ፊደል በካርታ፦ ኮንከር ለልጆች

ሰላም ሰላም ወገን! ከደሴ ነኝ። ከኋላ የሚሰማችሁ ሙቀጫ ነው፣ ቡና እየተወቀጠ ነው፤ ቻሉት። ዛሬ ካርታ እንጫወታለን፣ ኮንከር የሚባለውን። አዎ፣ ካርታ! ገንዘብ የለበትም፣ መያዣው ቆሎ ነው። ስለዚህ «ልጆቹን ቁማር አስተማርክ» ልትሉ ያሰባችሁ፣ በአላህ፣ በማርያም፣ ትንሽ ታገሡኝ። ፊደል የሚያስለይ ካርታ ነው።

መጀመሪያ ግን ባቲ ልውሰዳችሁ። ሰኞ ነው፣ የገበያ ቀን። አፋሩ ከቆላ ወጥቷል፣ ደገኛው ከላይ ወርዷል፤ ግመሉ፣ ፍየሉ፣ ሰው በሰው ላይ። እዚያ መሀል ሰባት እህትማማቾች ገቡ እንበል። መልካቸው ቁርጥ አንድ! በምን ትለዩአቸዋላችሁ? በያዙትና በአቋቋማቸው ነዋ!

ታላቋ ባዶ እጇን ናት፤ በ። ሁለተኛዋ በቀኝ ጎኗ ዘንቢል አንጠልጥላለች፤ ቡ። ሦስተኛዋ ዘንቢሉ ከብዷት እግሯ ሥር አስቀምጣዋለች፤ ቢ። አራተኛዋ ቀኝ እግሯን አስረዝማ ቆማለች፣ በሰው ትከሻ አሻግራ ጨርቅ ልታይ፤ ባ። አምስተኛዋ፣ የኔ ቆንጆ፣ አልቦ አድርጋለች። እግሯ ላይ ክብ አላያችሁም? ቤ! ስድስተኛዋ ዘንቢሉን ወደ ግራ አዙራዋለች፤ ብ። ሰባተኛዋ ባን ልትቃረን ግራ እግሯን አስረዝማለች፤ ቦ።

ገባችሁ? ዘንቢሏን ያወቀ ልጅ ሉንም፣ ኩንም፣ ዱንም ያውቃል። አልቦዋን ያወቀ ሌን፣ ኬን፣ ዴን ያውቃል። እያንዳንዱ የእህትማማች መደዳ አንድ ቤት ነው፤ 33 ቤት በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ ልጁ ግን 231 ነገር አይሸመድድም፣ 33 መልክና የሰባቱን አመል ነው የሚይዘው። ስድስተኛዋና ሰባተኛዋ እንደየቤቱ ይለዋወጣሉ፣ ረ እና ፈ ደግሞ ዓመለኞች ናቸው፤ እነሱን ለኋላ አቆዩአቸው።

አሁን ወደ ጨዋታው... ቆይ ቆይ! አንድ ነገር ሳልመልስ አላልፍም። ደጋግማችሁ ትጽፉልኛላችሁ፦ «ልጄ ከሀ እስከ ፐ በቃሉ ይወጣዋል፣ ካርታ ምን ያደርግለታል?»

እሺ። የፊደል ገበታውን አምጡ። ሁሉንም በወረቀት ሸፍኑና ኬን ብቻ አሳዩት። ከንፈሩን እዩ! «ከ፣ ኩ፣ ኪ፣ ካ...» እያለ ከታች ይወጣላችኋል። ዜማውን ነው የያዘው፤ ኬን ብቻዋን መንገድ ላይ ቢያገኛት ሰላም አይላትም። ይህንን እኔ አላገኘሁትም፣ የኔታዎች ከጥንት ነቅተውበታል። ሀ ሁን ከቆጠረ በኋላ አቡጊዳ የሚያስቆጥሩት ለምን ይመስላችኋል? አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። አ ግዕዝ (አንደኛዋ እህት)፣ ቡ ካዕብ (ሁለተኛዋ)፣ ጊ ሣልስ (ሦስተኛዋ) እያለ በየፊደሉ ቤቱም እህቷም ይለወጣሉ። ዜማውን ሰብረው ዓይኑን ያሠሩታል። ካርታን መበወዝም ሥራው ይኸው ነው። እናም «በቃሉ ይወጣዋል» ብላችሁ አትጻፉልኝ፤ ወይ ጻፉ፣ ኮሜንት ይበዛልኛል።

ጨዋታው ቀላል ነው፣ ኮንከር ታውቃላችሁ አይደል? ለ፣ በ፣ ከ፣ ደ፤ አራት ቤት፣ 28 ካርድ። በውዙ፣ ለእያንዳንዱ አምስት አምስት አድሉ፣ ሳብ ጣል። ሦስት የአንድ ቤት ተከታታይ ያወረደ፣ ለ ሉ ሊ፣ አንድ ቆሎ። ከሦስት ቤት አንድ ዓይነት ያወረደ፣ ሉ ቡ ኩ፣ ሁለት ቆሎ፤ እዚህ ዜማው አይረዳውማ። ሲያወርድ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ካላነበበ መልሶ ያነሣል። በቃ።

ካርዱን አትግዙ። የቆየ የሠርግ መጥሪያ የሌለበት ቤት አለ? ወፍራም ነው፣ ቀለም ከጀርባ አያሳይም። ባዶ ጎኑን ቆርጣችሁ ጻፉበት። ከእያንዳንዱ ፊደል እግር ሥር ግን አንድ መስመር አስምሩ፣ አደራ! ልጅ ካርዱን ገልብጦ ይይዛል፤ ሐ ስትገለበጥ ሠን ትመስላለች፣ ሀም ስትገለበጥ ወደ በ ትሄዳለች። መስመሩ ወደ ታች ከሆነ ጠብ የለም።

ሲለምዱት ቃል ይሥሩበት። በነዚሁ 28 ካርዶች ዳቦ ይወጣል፣ ዱባ ይወጣል፣ ከበደም ይወጣል። ሰብስክራይብ አድርጉና የልጃችሁን የመጀመሪያ ቃል ከታች ጻፉልኝ። «ዱላ» ብሎ የጀመረ ካለ ግን ታናሹን ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት።